በጅማ የዘር ሐረግ ፍለጋ፦ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን ይገኛል? የ«አባ» ስሞችስ እንዴት ይፈታሉ?

ሂርማታ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ላይ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል የእናቴን ወገን ሐረግ መፈለግ ልጀምር ነው። እጄ ላይ ያለው ሦስት ነገር ነው።

አንድ፦ የ1938 ዓ.ም. የመሬት ግብር ደረሰኝ። «ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ጅማ አውራጃ» ይላል። ከፋዩ በሁለት ስም ብቻ ተጠርቷል፤ ሁለቱም «አባ» እያሉ ይጀምራሉ። ስሞቹን እዚህ ባላወጣቸው ይሻላል፤ የመጀመሪያውን አባ ቀዳማይ፣ ሁለተኛውን አባ ዳግማይ በሉልኝ።

ሁለት፦ በ1975 ዓ.ም. የተሰጠ የአያቴ የቀበሌ መታወቂያ። የራሱ ስም የእስልምና ስም ነው፤ የአባቱ ስም ግን «አባ ዳግማይ»። የልደት ቀን 1/1/1915።

ሦስት፦ የቤተሰቡ ቁርኣን የመጨረሻ ገጽ ላይ በአረብኛ ፊደል የተጻፉ አራት መስመሮች። ቁጥሩን አንዱ 1360 ሌላው 1365 ብሎ ያነበዋል።

ዘመድ ለሁለት ተከፍሏል፤ ገሚሱ «ደረሰኙ ከፋ ስለሚል ከፋ ነን»፣ ገሚሱ «የጅማ ኦሮሞ ነን» ይላል። ከየት ልጀምር? እዚያስ ሄጄ ምን ብዬ ልጠይቅ? እህታችሁ።

መዝገብ ቤት

እህቴ፣ የዘመዶችሽን ጠብ ያመጣው የደረሰኙ ራስጌ ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ ያለው «ከፋ» የአስተዳደር ስም እንጂ የዘር ስም አይደለም። ከ1934 ዓ.ም. የአስተዳደር ደንብ ወዲህ አገሩ በጠቅላይ ግዛት ሲከፈል ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። በሥሩ ጅማ፣ ሊሙ፣ ከፋ፣ ጊሚራ፣ ማጂ እና ኩሎ ኮንታ አውራጃዎች ነበሩ። «ከፋ» የሚለው ስም ሁለት ቦታ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ አንዴ ጠቅላይ ግዛቱ፣ አንዴ ቦንጋን የያዘው አውራጃ። ያንቺ ወረቀት አውራጃውን ጅማ ስላለ መሬቱ ጅማ አውራጃ ውስጥ ነበር። ከፋዩ ከማን እንደሚወለድ ግን ደረሰኙ አንዲት ቃል አይልም። ለማንኛችሁም ማስረጃ አይሆንም።

ይኸው የራስጌ ጽሑፍ ነገር ቀን የሌላቸውን ወረቀቶች ዘመን ለመገመት ይጠቅማል። «ጠቅላይ ግዛት» የሚል የንጉሡ ዘመን ነው። «ክፍለ ሀገር» ከሆነ የደርግ። «ዞን» እና «ክልል» ከ1984 ወዲህ። ከጣልያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933፣ የተረፈ ወረቀት ካለ ደግሞ ጅማ «ጋላና ሲዳሞ» ይባል የነበረው ገዥነት መቀመጫ ስለነበረች በዚያ ስም ይወጣል።

ቤተ መጻሕፍት ስትገቢ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ጅማ» የሚለውን ብቻ ፈልጎ ይወጣል። የመጻሕፍቱ ማውጫ ካርድ ወይም ኮምፒውተሩ ጋ ስትደርሺ «ከፋ»ን፣ «ጊቤ»ን፣ «ሊሙ»ን፣ «ጎማ»ን፣ «ጌራ»ን፣ «ጉማ»ንም ፈልጊ። የቆዩ መጻሕፍት ዛሬ ባለቤቶቹ የማይወዷቸውን ስሞች ይጠቀማሉ፤ የም በ«ጃንጀሮ»፣ ዳውሮ በ«ኩሎ»፣ ቤንች በ«ጊሚራ» ሥር ተመዝግበው ታገኛቸዋለሽ። በላቲን ፊደል ደግሞ የከተማዋ ስም እንደ አገሩ ይለያያል፤ ጣልያኖች በ«ጂ» ፊደል፣ ፈረንሳዮች «ዲ»ን አስቀድመው፣ እንግሊዝኛ አንዳንዴ በአንድ «ኤም» አንዳንዴ በሁለት ይጽፉታል። በአንዱ ያልመጣ በሌላው ይመጣል።

ስለ ጅማ መንግሥት መሠረታዊ ከሚባሉት አንዱ አሜሪካዊው የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያ ሄርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው ነው። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ርዕሱ ተቀይሮ እንደገና ታተመ፤ የድሮው ርዕስ ዛሬ እንደ ስድብ የሚቆጠረውን የኦሮሞ መጠሪያ ይዟል። ሁለት መጽሐፍ መስሏቸው ሁለቱንም የሚፈልጉ አሉ፤ አንድ ነው።

ቡና ተራ

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ሽማግሌ ጠይቂ፣ በአንድ ከሰዓት እስከ ምንጅላት ይቆጥሩልሻል። ዓመቱንም ቢሆን 8 እየደመርሽ ወደ ፈረንጅ ማዞር ነው፣ አለቀ።

ጊቤ ማዶ

ቡና ተራ፣ ሽማግሌ መጠየቁ ልክ ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስሞቹ መፈታት አለባቸው፤ አለበለዚያ ሽማግሌው ስለ አንድ ሰው ሲያወሩ እሷ ስለ ሌላ ትጽፋለች።

በጊቤ አገር አንድ ወንድ ቢያንስ ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። የተወለደበት ስም፣ የእስልምና ስም፣ እና «አባ» ተብሎ በፈረሱ የሚጠራበት ስም። የመጨረሻው የክብር ስም ነው፤ የፈረሱ ስም ለጌታው መጠሪያ ይሆናል። የጅማው ንጉሥ ሁለተኛው አባ ጅፋር የተወለዱበት ስማቸው ቱሉ ነው፤ የመጀመሪያው አባ ጅፋር ደግሞ ሰና። የሁለተኛው አባት አባ ጎሞል ስለሆኑ አንድ ወረቀት «ቱሉ አባ ጎሞል» ሌላው «አባ ጅፋር አባ ጎሞል» ቢል ሰውየው አንድ ነው። ይህን የማያውቅ ሁለት ወንድማማች አድርጎ ሐረግ ላይ ይሰቅላቸዋል።

እግረ መንገዴን፦ ሁለተኛው አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. 1878–1932) የመጀመሪያው አባ ጅፋር የልጅ ልጅ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስህተት ነው። ከመጀመሪያው አባ ጅፋር በኋላ ልጃቸው አባ ረቡ ነገሡ፣ ከእሳቸው በኋላ የመጀመሪያው አባ ጅፋር ወንድም አባ ቦቃ፣ ከዚያ የአባ ቦቃ ልጅ አባ ጎሞል፣ ከዚያ የአባ ጎሞል ልጅ ቱሉ። ስለዚህ ሁለተኛው የመጀመሪያው ወንድም የልጅ ልጅ ናቸው። ስም ስለተደገመ ብቻ መስመሩን በቀጥታ ማያያዝ የንጉሥ ሐረግ ላይ እንኳ ይህን ያህል ያስታል፤ በተራው ሰው ሐረግ ላይማ አስቢው።

ሌላው ወጥመድ፣ «አባ» ሁሉ ፈረስ አይደለም። «አባ ቆሮ» የአውራጃ ገዥ ሹመት ነው። «አባ ሚዛን»፣ «አባ ኬላ» የሥራ ስሞች ናቸው፤ ኬላው የመንግሥቱ በር ላይ ያለው መግቢያ ነው። «አባ ገንዳ» የሰፈር ሹም ነው። ሹመት ከሆነ ስሙ ለተተኪው ያልፋል፤ በ20 ዓመት ልዩነት ሁለት ወረቀት ላይ የሚታየው «አባ ቆሮ» ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። የፈረስ ስም ከሆነ ግን ከሰውየው ጋር ይቀራል። በሴቶች በኩል «ገኔ» የወይዛዝርት ማዕረግ ነው፤ የሁለተኛው አባ ጅፋር እናት ገኔ ጉሚቲ ሲባሉ ስማቸው ጉሚቲ ነው። «ገኔ» የሚለውን ስም አድርጎ በ«ገ» ተራ የመዘገበ ሰው መቼም አያገኛቸውም።

ያንቺ ጉዳይ፦ ደረሰኙ «አባ ቀዳማይ አባ ዳግማይ» ይላል፣ መታወቂያው የእስልምና ስም እና «አባ ዳግማይ»። የአባት ስም ገጠመ። ከዚህ ሁለት መንገድ ይወጣል። አንድም አባ ቀዳማይ የአያትሽ የራሱ የፈረስ ስም ነው፤ አንድም የወንድሙ። ሦስተኛም አለ፤ ሌላ አባ ዳግማይ። አሁን እንዳትወስኚ።

ቃላድ

በደረሰኙ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ግብር የሚከፈልበት ስም ሁልጊዜ የሕያው ሰው ስም አይደለም። ርስቱ ካልተከፋፈለ ወይም የስም ዝውውር ካልተደረገ ልጆች በሟች አባታቸው ስም ለዓመታት ይከፍላሉ። ስለዚህ 1938 ላይ ስሙ ስላለ 1938 ላይ ነበረ ማለት አይደለም። ደረሰኙ ላይ «እጅ» ወይም «ተወካይ» የሚል መስመር ካለ እሱን አንብቢ፤ ገንዘቡን ይዞ የመጣው ሰው ስም አንዳንዴ ጥግ ላይ ይጻፋል። ጀርባውንም ገልብጪ። የመሬቱን ስፋትም እይ፤ ጋሻ ወይም በቃላድ የተለካ የሚል ካለ መሬቱ ተለክቷል ማለት ነው፤ ተለክቶ ከሆነ ድንበርተኞች ተጠርተዋል። ጎረቤት የሆነ ስም ከዘመድ የማይተናነስ ፍንጭ ነው፤ ጋብቻው ከዚያው ነውና።

ከ1967 ወዲህ ያለውን ለመፈለግ ግን ቤተ መጻሕፍት አትሂጂ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ሄዱ። ሁለቱ ፋይላቸው የተለያየ ቦታ ነው። ሰው ቀበሌ ሄዶ «የለም» ሲባል ተስፋ ይቆርጣል፤ ቤቱ ትልቅ ከነበረ እዚያ መጠየቁ ራሱ ስህተት ነው። ስትጠይቂም በሰው ስም ብቻ ሳይሆን በቤት ቁጥር ጠይቂ፤ ቀበሌዎች ተዋህደው ቁጥራቸው ከተለወጠም የድሮውን ቀበሌ ቁጥር ከመታወቂያው ላይ ወስደሽ ይዘሽ ሂጂ።

ዐውደ ወር

ቡና ተራ 8 ደምር ያልከው የዓመቱን ሲሶ ያህል ያበላሻል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ ከፈረንጆቹ ጥር 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ነው 8 የሚሆነው። ኅዳር 1953 በእነሱ 1960 ነው፣ ጥር 1953 ግን 1961። ወሩ ካልታወቀ «1960/61» ብለሽ ጻፊ እንጂ አንዱን አትምረጪ።

አሁን ወደ ቁርኣኑ። 1360 እና 1365 የሚለው ክርክር የሚነሳው በአረብኛ አኃዝ 5 ክብ ስለሆነች ነው፤ እኛ ዜሮ ነው የምንላት። የአረብኛ ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት። ገጹ ላይ ያለችው መሃሏ ክፍት ክብ ከሆነች 5 ናት፣ ነጥብ ከሆነች 0። 2 እና 3ንም በደንብ እይ፤ ልዩነታቸው ላይኛው ጥርስ ብዛት ነው፤ ደብዛዛ ቀለም ላይ አንዷ ጥርስ ትጠፋለች።

የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሆነ 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ቀንሶ መገላገል አይቻልም። ለግምት የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዢና 614 ደምሪ፤ የእኛን ዓመት ይሰጥሻል። 1365 በ0.97 ሲባዛ 1324፣ ሲደመር 1938። በትክክል 1365 ከኅዳር መጨረሻ 1938 እስከ ኅዳር አጋማሽ 1939 ነው። ደረሰኙም 1938 ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዓመት የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። 1360 ቢሆን ኖሮ 1933 ይመጣ ነበር።

የመታወቂያውን 1/1/1915 ደግሞ እንደ ልደት ቀን አትቁጠሪው። በ1975 የተሰጠ ነው፤ 60 ዓመት ሲቀነስ 1915። ጸሐፊው «ስንት ዓመትዎ ነው?» ሲል «ስልሳ» ተብሎ ተሰልቶ የተጻፈ ነው፤ መስከረም 1 የሚሆነውም ለዚያ ነው። በ5 እና በ0 የሚያልቅ ዕድሜ፣ በ1/1 የሚጀምር ልደት ሲገጥምሽ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ልዩነት ትተሽለት አስቢ።

ጊቤ ማዶ

ሽማግሌ ስለመጠየቅ ቃሌን ልጠብቅ። የቃል ሐረግ መሃሉ ይጨመቃል። የቅርቦቹ ሦስትና አራት ትውልዶች ትክክል ናቸው፤ መነሻው አባትም አይረሳም፤ የሚጠፉት በመካከል ያሉት፣ ልጅ ያልበዛላቸው ወይም ዝነኛ ያልነበሩት ናቸው። አጭሩ መፈተኛ፦ በአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ስጪ። ከአያትሽ ወደ ላይ አራት ስም ቆጥረው ሰውየው ከመጀመሪያው አባ ጅፋር ጋር ዘመቱ ካሉሽ ያስኬዳል፤ ሁለት ብቻ ከሆነ የጎደለ አለ።

«አያትህ ማነው?» ብለሽ አትጀምሪ፤ የተጠና ዝርዝር ይመጣል። «የዚህ ቡና መሬት መጀመሪያ የማን ነበር? የማን እህት ወዴት ተዳረች? እሱ ሲሞት ማን አለቀሰ?» ብለሽ ጀምሪ። ሴቶችን ለብቻ ጠይቂ፤ የእናት መስመር የሚገኘው ከእነሱ ነው፣ ደግሞም ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ፀጋ ነው። ጎሳ (በኦሮምኛ ትርጉሙ፦ ከአንድ አባት የሚቆጠር ወገን) መጠየቅ አትርሺ፤ ስም ሲጠፋ ጎሳ ይቀራል። ለምሳሌ የነገሥታቱ ጎሳ ድጎ ነው።

ዓመት ሲያስቸግር ወደ ክስተት ጠጊ። ክፉ ቀን (1880 እስከ 1884)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ ጣልያን ሲገባ (1928) እና ሲወጣ (1933)፣ የነመንግሥቱ ንዋይ ግርግር (1953)፣ የመሬት አዋጅ (1967)። «ጣልያን ሲገባ ፈረስ ይጠብቅ ነበር» የሚል ሰው ያኔ ከስምንት እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። መታወቂያው ከሚሰጥሽ ዓመት ይሻላል።

ቡና ተራ

እሺ ተረታሁ። ግን ቤተ መጻሕፍቱ ምኑ ላይ ነው የሚጠቅመው ታዲያ? እስካሁን ያላችሁት ሁሉ ቤትና ቀበሌ ነው።

መዝገብ ቤት

ጥሩ ጥያቄ። ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአያትሽን ስም አይሰጥሽም፤ አካባቢውን ነው የሚሰጥሽ። አንድ ቦታ ግን ስም በቀጥታ ይገኛል፣ ሰው ሁሉ ዘሎት ያልፋል፦ የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ መጨረሻ። እዚያ የመረጃ ሰጪዎች ሰንጠረዥ አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ አንዳንዴ የሚያውቁት ጉዳይ። የዛሬ 30 እና 40 ዓመት ሽማግሌ የነበሩ ሰዎች ስም ከነቀበሌያቸው እዚያ ተቀምጧል። መጀመሪያ ያንን ገጽ ክፈቺ፤ ርዕሱ «የቡና ንግድ» ይሁን «የመሬት ሥሪት» አያሳስብሽ። ከሰንጠረዡ ስም ካገኘሽ ወደ ኋላ ተመልሰሽ የግርጌ ማስታወሻዎቹን በዚያ ስም ፈልጊ።

እነዚህ ጽሑፎች ጅማ ዩኒቨርሲቲም አሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም (ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመ) ዋናው ስፍራ ነው። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን በኢንተርኔት ለቀዋል። ስለዚህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ አንድ ቀን ብታሳልፊ አዲስ አበባ ከመመላለስ ታድኛለሽ። በስዊድን ኡፕሳላ ያለው የኖርዲክ አፍሪካ ተቋም ያስቀመጠው የኢትዮጵያ የቦታ ስሞች ስብስብም በነፃ ይነበባል፤ በፊደል ተራ ነው፤ የመንደርሽን ስም የቆዩ ተጓዦች እንዴት እንደጻፉት ከዚያ ትረጂያለሽ።

ጋዜጣ፦ አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ አለ። ሙሉው ስብስብ የሚፈለገው አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ነው። ነጋሪት ስለ ሕጉ ነው የሚነግርሽ፤ ተራ ሰው እዚያ አይወጣም። ሕዝብ ቆጠራ (1976፣ 1987፣ 1999) የታተመውም ድምር ብቻ ነው፤ የግለሰብ ስም ያለበት ቅጽ ለአንባቢ አይሰጥም። «የቆጠራ መዝገብ አሳዩኝ» ብለሽ ቀን አታባክኚ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንደዚሁ፤ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ ለአያት ፍለጋ አይሆንም።

ካርታ ግን ጠይቂ። የ1፦50,000 ካርታ ላይ አሁን ከከተማ ጋር የተዋሃዱ መንደሮች የቀድሞ ስማቸው አለ። ጅሬን፣ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ፣ ከከተማው መሃል ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ዛሬ የምናውቃት ከተማ ያደገችው ግን በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው። ቤተሰብሽ «ከሂርማታ» ካለ ከገበያ ሰው ጋር፣ «ከጅሬን» ካለ ከግቢ ሰው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ የምትጠይቂው ሽማግሌ በዚያው ይለያል።

የፊደል ገበታ

ስም ስትፈልጉ ፊደሉን አትርሱ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮሞ ስም መጥበቅና መርዘሙ አይታይበትም፤ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ፍላጎት ነው። ከ1984 ወዲህ በቁቤ የተጻፈ ወረቀት ሲገጥማችሁ ላቲኑን እንደ እንግሊዝኛ አታንብቡት። «ኤክስ» የተባለው ፊደል ጠ ነው፣ «ሲ» ጨ ነው፣ «ኪው» ቀ ነው፣ «ዲ» እና «ኤች» አብረው ሲመጡ ዸ ነው። ይኸኛውን የድሮ የአማርኛ ጸሐፊዎች አንዳንዴ ደ አንዳንዴ ጠ አድርገው ይጽፉታል። አንድ ሰው በ1950 በ«ደ»፣ በ1960 በ«ጠ» ተጽፎ ሁለት ሰው የሚመስለው በዚህ ነው።

«አባ»ንም ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ነጥሎ አንዳንዱ አጣብቆ ይጽፋል። ኮምፒውተር ላይ ሁለቱንም ሞክሩ።

ሰም ወረቀት

ሂርማታ፣ የቁርኣኑን ገጽ እንዳትገነጥይው፣ እንዳታስገነጥይው፣ «እንዲጠነክር» ብለሽ ላሚኔት እንዳታስደርጊው። ላሚኔት ሙቀቱ ቀለሙን ይጎዳል፣ ተመልሶም አይላቀቅም። ስኮች ፕላስተርም እንደዚያው፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ይቢጫል፣ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል።

ፎቶ ስታነሺ ፍላሽ አጥፊ፤ ገጹን መስኮት አጠገብ አድርገሽ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጊ። ደብዝዞ የማይነበብ ብዕር በጎን ብርሃን ጉድጓዱ ይታያል። ደረሰኙን ስካን ካስደረግሽ 300 ዲፒአይ ይበቃል፤ ትናንሽ ፎቶግራፎችን ግን 600 አድርጊ። ጀርባውንም አትርሺ፣ ባዶ ቢሆንም።

የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ዋናው ጠላት ሻጋታ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይበቅላል። ከውጪው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ሳጥን፣ በፌስታል የታሰረ ወረቀት፣ ምንጣፍ ሥር የተቀመጠ ፎቶ፤ ሁሉም ይሻግታሉ፤ ፌስታል እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይቆልፈዋል እንጂ አይከለክልም። ሻግቶ ካገኘሽው እርጥቡን አትጥረጊ፣ ትቀቢዋለሽ። መጀመሪያ አየር ባለበት ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ። ፀሐይ ላይ ግን አታስጪው።

ብል ወይም ምስጥ ከገባበት በአየር በማይገባ ፌስታል (እዚህ ላይ ፌስታል ይፈቀዳል) አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጪ። ስታወጪው ሳትከፍቺ አንድ ሙሉ ቀን ተዪው፤ ወዲያው ከተከፈተ ጤዛ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

ዐውደ ወር

ለክርስቲያን ቤተሰቦች አንድ መስመር፦ በኦርቶዶክስ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ የክርስትና ምስክር ወረቀት ካለ ልደቱን ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል፤ ስሙ ግን የክርስትና ስም ስለሆነ ከመጠሪያው ጋር አይገጥምም። ካቶሊክ ከሆኑ የጥምቀት መዝገቡ ጠርዝ ላይ በኋላ የተፈጸመው ጋብቻ ይጻፋል፤ ጠርዙን አንብቡ።

ሂርማታ

እግዜር ይስጣችሁ። የሰፈር ሼክ ገጹን አነበቡት። ክቧ ክፍት ናት፣ 5። ወሩ ረጀብ። ጽሑፉ ልጅ መወለዱን ይናገራል፤ አባትየው በእስልምና ስሙ ተጠርቶ «በአባ ቀዳማይ የታወቀ» ይላል። ስሙ መታወቂያው ላይ ያለው ነው። ደረሰኙ ላይ የተወካይ መስመር የለም፣ ጀርባው ላይ ግን በእርሳስ ሁለት የድንበርተኛ ስሞች አሉ።

ጊቤ ማዶ

እንግዲህ አባ ቀዳማይ አያትሽ ራሱ ነው፤ የወንድምየው ግምት ወደቀ። ረጀብ 1365 ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ 23 አካባቢ 1938 ነው፤ ስለዚህ ልጁ የተወለደው ደረሰኙ በተቆረጠበት ዓመት ነው። አያትሽ በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ በራሱ ስም ግብር ከከፈለ አባ ዳግማይ ከዚያ በፊት ሞቷል ወይም መሬቱን አካፍሏል። ቀጣዩ ጥያቄ «አባ ዳግማይ» ፈረስ ነው ወይስ ሹመት የሚለው ነው። በድንበርተኞቹ ስም ሽማግሌ ፈልጊ፤ የራስሽን ዘመድ ሳይሆን የእነሱን ልጆች ጠይቂ።

አንድ ከባድ ነገር ልናገር። ሂርማታ የባሪያ ንግድ ትልቅ ገበያ ነበረች። በባርነት መጥተው በጌታቸው ጎሳ የተቆጠሩ ሰዎች ዘሮች ብዙ ናቸው፤ የከፋ ነን፣ የዳውሮ ነን የሚለው የቤተሰብ ወሬ አንዳንዴ ከዚያ የተረፈ ነው። ሐረጉ ድንገት ያለ ጎሳ አንድ ስም ላይ ቢቆም ሽማግሌውን በሰው ፊት አታፋጥጪ። ብታውቂም ኢንተርኔት ላይ አታውጪው።

መዝገብ ቤት

የዛፍ መሥሪያ ፕሮግራም ከተጠቀምሽ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሳጥን ባዶ ተዪው። አያትን እዚያ ከጻፍሽ ፕሮግራሙ ወንድማማቾችን አንድ ቤተሰብ፣ ልጆቻቸውን ሌላ ቤተሰብ አድርጎ ይበትናቸዋል። «አባ ቀዳማይ»ን በቅጽል ስም ሳጥን፣ የእስልምና ስሙን በስም ሳጥን። ቀኑን ወረቀቱ ላይ እንዳለ («ረጀብ 1365»፣ «1938 ዓ.ም.») ማስታወሻው ላይ ጻፊ፤ የፈረንጁን ቀን ከጎኑ። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ከየትኛው ወረቀት እንደመጣ አንድ ቃል ይኑር፦ ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ ቁርኣን፣ ቃል።

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ልትሰጪ ካሰብሽ ዋናውን አትስጪ። ኮፒ፣ የድሮ ቀበሌና አውራጃ ስም በእርሳስ ላዩ ላይ የተጻፈበት፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም የተሸፈነበት። ፖስታው ላይ በቤተሰብ ስም ሳይሆን በመንደሩ ስም አስመዝግቢው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፈላጊ ምናልባት ከድንበርተኞቹ የአንዱ የልጅ ልጅ ነው፣ የአያትሽን ስም አያውቀውም፤ መንደሩን ግን ያውቃል።